አመዳይ የወረደባት ሌሊት

ዘበኛው ኦቦ ዲሪርሳ ማለዳ ከለቅሶ ቤት ተመልሰው የጣቢያውን በር ሲከፍቱ፣ ቴርሞሜትሮቹ ከሚቀመጡበት ነጭ ሳጥን አጠገብ ሰው ተደፍቶ አዩ። ካፖርቱን ከሩቅ አወቁት። ሟቹ በሱሉልታ ዳርቻ የገበሬዎች ማኅበር ባቋቋመው በዚህ አነስተኛ የአየር ሁኔታ መከታተያ ጣቢያ እየኖሩ፣ በየማለዳው ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚለኩት አቶ ሳህሉ ነበሩ።

ኢንስፔክተር ፈቲያ ስትደርስ ፀሐይ ገና ከተራራው ጀርባ ነበረች። የዘንድሮው ኅዳር ብርድ ያልታሰበ ነው፤ ግቢው በሙሉ አመዳይ ለብሶ ነጥቷል። የጣቢያው ኃላፊ አቶ መልከጼዴቅ እጃቸውን እያፋተጉ ተቀበሏት። ሳይነጋ ከሰበታ በመኪናቸው ተነሥተው ከዘበኛው ጥቂት ቀድመው እንደደረሱ፣ በቀጥታ ወደ ቢሮ ስለገቡ ግን ሬሳውን እንዳላዩ ነገሯት።

«ቅዝቃዜውን ሊለካ ወጥቶ ብርዱ ጣለው» አሉ። «ዕድሜውም ገፍቷል።»

ፈቲያ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ፖሊሶቹ ሬሳውን ቀና ሲያደርጉት፣ ጉንጩና ባዶ መዳፉ ያረፉበት ሣር ላይ ያለው አመዳይ እንደተበተነ ጨው ነጭ እንደሆነ ነበር። የጫማውን ሶል በጣቷ ነካችው። ደረቅ ነው፤ አንዲት የሣር ቅጠል እንኳ አልተጣበቀችበትም።

በመጀመሪያ ያነጋገረችው ትናንት ከሟቹ ጋር የተጣሉትን ጎረቤት፣ አዴ ገለቴን ነበር። የአዴ ገለቴ የድንች ማሳ በሳምንቱ መጀመሪያ በወረደው ውርጭ ተቃጥሏል።

«በሰው ፊት ረግሜዋለሁ፤ አልክድም» አሉ አሮጊቷ። «ውርጭ ይመጣል ብሎ አንድ ቃል ቢነግረን ጭድ እናለብሰው ነበር። ለዚህ አይደል እዚህ የተቀመጠው?»

«እሳቸው ምን አሉዎት?»

«ምንም። ነገ በማኅበሩ ስብሰባ ትሰሙታላችሁ ብሎኝ ገባ።»

ኦቦ ዲሪርሳ ደግሞ የዘመዳቸው ለቅሶ ቅርብ ስለነበር ማታውኑ ሊመለሱ አስበው እንደነበር ተናገሩ። እዚያው እንዲያድሩ በስልክ ያዘዟቸው አቶ መልከጼዴቅ ናቸው።

የሟቹ ልጅ ዕድላዊት ከቡራዩ በሚኒባስ ስትደርስ ዓይኗ አብጦ ነበር። ፈቲያ ወደ አባቷ ክፍል ይዛት ገባች። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዕድላዊት ወለሉን አየችና ቆመች። የፕላስቲኩ ምንጣፍ ላይ ክብ ሆኖ የተቃጠለ ቦታ አለ።

«ይሄ እሑድ ስመጣ አልነበረም። አባዬ ከሰል ቤት ውስጥ አያስገባም፤ ሌላውንም ሰው የሚቆጣ ነው።»

አባቷ ማታ ደውሎላት እንደነበርም ነገረቻት። ስም አልጠራም። ጥፋት የሠራው ሰው ራሱ እንዲናገር፣ ሌሊቱን እንዲያስብበት ጊዜ እንደሰጠው ብቻ ነው የነገራት።

ፈቲያ ብቻዋን ወጥታ ግቢውን ዞረች። ከአቶ መልከጼዴቅ መኪና ዘንድ ስትደርስ ጎንበስ አለች፤ ለረጅም ጊዜም ሳትነሣ ቆየች። ከዚያ ሁሉም ቢሮው ደጃፍ እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

«አቶ ሳህሉ እዚህ ሣር ላይ አልሞቱም» አለች። «በሕይወት ያለ ሰው አመዳይ ላይ ቢወድቅ የገላው ሙቀት ያቀልጠዋል። በጉንጫቸውና በመዳፋቸው ሥር ግን አልቀለጠም። ሲጋደሙ ገላቸው ቀዝቅዞ ነበር። ጫማቸውም ሣሩን አልረገጠም፤ ሰው ተሸክሞ ነው ያመጣቸው። የሞቱት ክፍላቸው ውስጥ ነው፤ ተኝተው ሳሉ ሰው ከሰል አስገብቶ መስኮቱን ዘጋባቸው። ኋላ ጢሱ እንዲወጣ ከፈተው፤ ማንደጃውን ቢያወጣም ምንጣፉ ላይ ምልክቱ ቀርቷል።»

አዴ ገለቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ማነው ታዲያ?» አለች ዕድላዊት።

«እዚህ ያደረ ሰው። አመዳይ የሚወርደው ለሰማይ በተገለጠ ነገር ላይ ነው። አቶ መልከጼዴቅ፣ ዛሬ ማለዳ መጣሁ ብለዋል። ማለዳ የመጡ ቢሆን ኖሮ መኪናዎ የሚቆመው አመዳይ ላይ ነበር። ከሥሩ ያለው ሣር ግን አረንጓዴ ነው። የመኪናው ጣሪያ ላይ የወረደውን አመዳይ በውሃ አጥበውታል፤ ሥሩን አላሰቡትም። መኪናው አመዳዩ ሳይወርድ ጀምሮ እዚያው ነበር።»

አቶ መልከጼዴቅ በሰው መኪና መጥተው የራሳቸውን ትናንት ትተውት ሄደው እንደነበር ሊያስረዱ ጀመሩ። ከሰበታ በመኪናዬ ነው የመጣሁት ማለታቸውን ፈቲያ አስታወሰቻቸው።

«እስኪ ያስነሡት» አለች።

ቁልፉን አላወጡም። ባትሪው በብርዱ ሞቷል፤ ሰውየውን ከገደሉ በኋላ ሌሊቱን ከዚያ ግቢ ሳይወጡ የቀሩትም በዚሁ ምክንያት ነበር።

ቀስ በቀስ ተናገሩ። አቶ ሳህሉ ውርጩ ከመውረዱ በፊት ነግረዋቸዋል፤ ለገበሬው ማሳወቅ የእሳቸው ድርሻ ነበር። ሠርግ ላይ ሆነው ነገ እናገራለሁ ብለው ረሱት። ትናንት ማታ ሊለምኗቸው ሲመጡ ሟቹ ሻይ አፍልተው ተቀበሏቸው፤ መንገዱ ጨልሟልና እደር ብለውም ቢሮው ውስጥ አነጠፉላቸው።

«አንድ ቃል ነው የረሳሁት» አሉ። «ለአንድ ቃል በዚያ ሁሉ ገበሬ ፊት ሊያቆመኝ ነበር።»

«አላቆመህም» አለች ዕድላዊት። «ራስህ እንድትቆም ነው የጠየቀህ።»

ፖሊሶቹ ከወሰዷቸው በኋላ አዴ ገለቴ ወደ ልጅቷ ቀረቡ። የረገሙት ሳያውቁ መሆኑን ነግረው ይቅር እንድትላቸው ለመኑ። ዕድላዊት ቀና አለች። ደመና ያልነካውን ሰማይ፣ ቅጠል የማይነቃነቅበትን ባሕር ዛፍ ስታይ ቆየች።

«አባዬ እንደሚለው ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ከቆመ ውርጭ ነው፤ ዛሬም ይወርዳል» አለች በመጨረሻ። «የተረፈ ድንች ካላችሁ ጭድ አልብሱት።»

አሮጊቷ ቆመው አልቀሩም። ወደ መንደሩ የሚወስደውን መንገድ ይዘው፣ በየደጃፉ ስም እየጠሩ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ውርጭ ይወርዳል፣ ሳህሉ ነግሯል እያሉ ሄዱ።