ያልተለካ ጉልበት

ሟቹ መስኮቱ ሥር ባለው ከፍ ያለ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቀኝ እጁ ውስጥ ሹካ አለ፣ ጉሮሮው ውስጥ ደግሞ ያልታኘከ ሥጋ። ጡንቻው ስድስት ዓመት ሙሉ ቀስ በቀስ ሲሟሽሽ የኖረ ሰው ነው። መዋጥ ከከበደው ወዲህ ሚስቱ ምግቡን ፈጭታ ካልሆነ አትሰጠውም ነበር። ታዲያ ሥጋው ከየት መጣ?

«ገደልሽብኝ!» አሉ አማቷ። «ለራስሽ የጠበስሽውን አጠገቡ ጥለሽ ሄድሽ!»

«ኧረ እማማ፣ ድስቱን ከድኜ ነው ገበያ የወጣሁት።»

የሟች ታናሽ ወንድም፣ የስፖርት ቤት አሠልጣኙ፣ መሃል ገባ። «እማዬ፣ ተይ አትፍረጂባት። እትዬ ረስታ ነው እንጂ ሆን ብላ አይደለም። ሰው አይረሳም?»

ሚስቲቱ በእንባ መሃል አመሰገነችው። በቸልተኝነት ወህኒ መውረድ ፊቷ ተደቅኖ ሳለ የቆመላት እሱ ብቻ ነበር።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ግን የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ እያየች ነበር። ከገበያ መልስ በር ላይ ከሚስቲቱ ጋር የተገናኘችውን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጠራቻት።

«በዚህ እጁ ሹካ ይይዝ ነበር?»

«በጭራሽ። ማንኪያውን እንኳ ጨርቅ ጠምጥሜ ያወፈርኩለት እኔ ነኝ።»

«ወንበሩ አጠገብ ያገኘሁት ይህ የልምምድ ደብተር ግን የመጨበጥ ጉልበቱ ትናንት ሠላሳ አንድ ኪሎ ደርሷል ይላል።»

ባለሙያዋ ደብተሩን ነጠቀቻት። «ባለፈው ወር ስለካው ስምንት ነበር! ያዘዝኩት ቀላል እንቅስቃሴና በቂ ዕረፍት ነው። ይሄ እኮ ክብደት ማንሳት ነው፤ የተጎዳ ጡንቻን ይጨርሰዋል!»

«የምሞላው እኔ ነኝ» አለ ወንድምየው ደረቱን ነፍቶ። «ከእኔ ጋር ሲሠራ በርትቷል። ፎቶው ስፖርት ቤቴ በር ላይ ተለጥፏል፤ ሰው ሁሉ እሱን እያየ ነው የሚመዘገበው።»

«ዛሬ መጥተው ነበር?»

«ከትናንት ወዲህ ይህን ቤት አልረገጥኩም። እትዬ ስትደውል ነው የመጣሁት።»

መርፌ ሁሉንም ሳሎን ሰብስባ አስቀመጠቻቸው።

«ሹካውን ሌላ ሰው ነው ያስያዘው» አለች። «ማን? ሚስቱ በየቀኑ ማንኪያ የምታስይዘው ናት። ባለሙያዋ ጉልበቱን ለክታዋለች። እናቱ ውሃ እንኳ በእጃቸው ነው የሚያጠጡት። ሦስቱም ሹካ መያዝ እንደማይችል ያውቃሉ። ይህ ሰው ሹካ መያዝ የሚችለው እዚህ ደብተር ውስጥ ብቻ ነው።» ደብተሩን ከባለሙያዋ ተቀብላ ገጹን ገለጠች። «ሐሙስ፣ ሠላሳ ሁለት ኪሎ። ዛሬ ሐሙስ ነው።»

የወንድምየው ፊት አመድ መሰለ። «ትናንት... አስቀድሜ ነው የጻፍኩት።»

«ሳይለኩ?»

ደብተሩን ሊወስድ እጁን ዘረጋ፤ መርፌ ግን ዘጋችው።

«እንግዲህ አንዱን ይምረጡ። ወይ ዛሬ ጠዋት መጥተው እንደ ልማድዎ መጀመሪያ ቁጥሩን ጽፈዋል፤ ወይ ደግሞ ቁጥር እየፈጠሩ ሁላችንንም ሲያታልሉ ኖረዋል።»

«ሁለቱም» አለ በመጨረሻ። «ወንድሜ፣ እየደከምኩ ነው፣ ፎቶውን አውርድ፣ ለሰው እውነቱን ልንገር አለኝ። ጡንቻ በሥጋ ነው የሚገነባው ብዬ፣ እምቢ ሲለኝ ከእትዬ ድስት አውጥቼ አጎረስኩት። አነቀው።»

እናትየው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው «ልጆቼን!» ብለው ጮኹ። ሚስቲቱ ግን ተነሥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ሐኪም ለምን አልጠራህም?»

«ማን አበላው ቢሉኝስ ብዬ...»

«እና በእኔ አላከክህ። ሹካውን ስታስይዘው ሞቶ ነበር?»

«ገና ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ያየኝ ነበር።»

ባሏ ከሰው ሁሉ አብልጦ ይህን ወንድሙን ያምን ነበር። ሹካውን ሊያስይዘው እጁን ሲይዘው እንኳ ሊረዳኝ ነው ብሎ አስቦ ሳይሆን አይቀርም።