ጋቢ አይተኮስም

ወሰንየለሽ ትከሻዋ ላይ ያበጠው ነገር ሲተነፍስ ያየችው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ነበር። መጀመሪያ የሳሙና አረፋ መሰላት። በመዳፏ ጠረገችውና ትከሻዋን እንደገና ውሃው ውስጥ ነከረች። እብጠቱ አናት ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አለ። ከዚያ ቀዳዳ አንዲት አረፋ ብቅ አለች፤ ትንሽ ቆይታ ፈነዳች። ሌላ ተከተለቻት።

ወሰን የራሷን ትንፋሽ ያዘች። በልቧ እስከ ሃያ ቆጠረች። አረፋዎቹ ግን መውጣታቸውን አላቆሙም። እሷ ሳትተነፍስ ሌላ ነገር ትከሻዋ ውስጥ ሆኖ እየተነፈሰ ነበር።

«ወሰን! ገንዳውን ልትወርሺው ነው እንዴ? ወንድምሽን ልጠበው፣ ውጪ በቃ!» አለች እናቷ ተረፈች ከበሩ ውጪ።

«ኮሚንግ!» አለች ወሰን። ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

ማክሰኞ ዕለት አባቷ ወደ ታክሲ ሥራው ከመሄዱ በፊት ሐኪም ቤት ወስዷት ነበር። ሐኪሙ ከመነጽሩ በላይ አየት አድርጎ «ቡግንጅ ነው» አለና ቅባትና ክኒን አዘዘላት። ቡግንጅ ግን አይነክስም። ሐሙስ የሒሳብ ፈተና መሐል ላይ ይኼኛው ከውስጥ ነክሷት እስክሪብቶዋን አስጥሏታል። ቀጥሎ ደግሞ ተኝቶ የሰለቸው ሰው ጎኑን እንደሚቀይር ዞር ሲል ተሰማት። የፈተናው ግማሽ ባዶ ቀረ። መምህሯ ምን ሆነሽ ብትላት ምን ልትል ነው? «ሚስ፣ ትከሻዬ ውስጥ ሰው አለ» ልትል ነው?

ሳቅ ያለው ይሳቅ፤ ወሰን ግን የምሯን ነበር። ማን እንደሆነ ሳይቀር የምታውቅ ይመስላታል። ከሦስት ወር በፊት ጎሬ ላይ የሞተችው አያቷ፣ እማማ ብሥራት፣ ልትቀጣት ነበር የመጣችው።

ነገሩ የጀመረው በጋቢው ነው። እማማ ብሥራት ተረፈች ማርገዟን በስልክ በሰማች ጊዜ ጥጡን ራሷ ፈትላ አሸመነችው። ሕፃኑ አሁን እንዲጠቀለልበት፣ ሲያድግ ደግሞ እንዲለብሰው ብላ ሙሉ ጋቢ አደረገችው። ሳትልከው ሞት ቀደማት። የእናቷ የአክስት ልጅ እትዬ ማንተግቦሽ ከደርግ ውድቀት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አገር ቤት ደርሳ ስትመለስ በፌስታል ጠቅልላ አመጣችው፤ ቃሉንም አብራ አመጣች። «ከልጁ በፊት የማንም ገላ እንዳይነካው ብላ ነው የሞተችው» አለች።

ተረፈች ጋቢውን ተቀብላ አላለቀሰችም። እናቷ የሞተች ዕለትም ቢሆን ሰው ፊት አላለቀሰችም። የቤተ ክርስቲያኗ እህቶች «በርቺ፣ እሷ በጌታ እጅ ናት» ሲሏት «አሜን» ብላ ሻይ ልታፈላ ተነሣች። ጋቢውን መኝታ ቤቷ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችና ሕፃኑ አናንያ ለጌታ የሚቀርብበትን እሑድ መጠበቅ ያዘች። እሑዱ ነገ ነው።

ወሰን ጋቢውን የነካችው በመጣ ማግሥት ነበር። እናቷ አናንያን ለክትባት ይዛው ወጥታ ቤቱ ባዶ ነበር። ወሰን አገሯን ስትለቅ አራት ዓመቷ ነበር፤ አያቷን የምታውቀው በስልክ በሚንኮሻኮሽ ድምፅ ብቻ ነው። ላሽትተው ብላ ነበር ያወጣችው። ጢስና እርጥብ ሣር ይሸታል። አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ፣ ነፋሱ መስኮቱ ላይ ሲያፏጭ፣ በካናቴራ ብቻ ሆና ተከናነበችውና ግማሽ ሰዓት ያህል እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ በመጣበት እጥፋት አጥፋ መለሰችው። በሦስተኛው ቀን ትከሻዋ ላይ ቀይ ነጥብ ወጣ።

እና አሁን ይተነፍሳል።

ልብሷን ለባብሳ ከመታጠቢያ ቤቱ ስትወጣ እናቷ አናንያን ታቅፋ ገባች። ሹራቧን እስከ መዳፏ ስባዋለች። ሰሞኑን ሂተሩ እየነደደም ቢሆን አታወልቀውም፤ ልጁን ስታጥብ እንኳን እጅጌዋን አትሰበስብም።

«እጅጌሽ ይረጥባል እኮ፣ እማዬ» አለች ወሰን በእንግሊዝኛ።

«ይርጠብ። ብርድ ነው» አለች ተረፈችና በሩን ገፋ አደረገችው።

ወሰን ወደ አሥራ አራተኛው ፎቅ ወጣች። እዚያ የሚኖሩት ጋሼ ወልዴ ድሮ ኢሉባቦር ውስጥ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያክሙ የጤና ሠራተኛ፣ ነበሩ፤ አሁን ዶሮ ፋብሪካ ይሠራሉ። የፍሌሚንግተን ሰፈር ሐበሻ ግን ጆሮውን ባመመው ቁጥር መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። ኦርቶዶክስ ስለሆኑ ደግሞ ወሬው ከፓስተሩ ጆሮ አይደርስም፤ ወሰን ይህንንም አስባበታለች።

ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። ደረጃው ላይ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ እየነፈሰ ያቃስታል። አሥራ ሦስተኛው ፎቅ ስትደርስ ሰውነቷ ሞቀ። ያን ጊዜ ትከሻዋ ውስጥ ያለው ነገር ተንፈራገጠ። ግድግዳውን ይዛ ቆመች። «ይቅርታ፣ እማማ» አለች በሹክሹክታ። ተንፈራግጦ ተንፈራግጦ ተወ፤ የሰማት መሰላት፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት።

ጋሼ ወልዴ መነጽራቸውን ጠርገው ትከሻዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ጠጋ ብለው አዩት።

«ይንቀሳቀሳል?»

«አዎ።»

«ይነክሳል?»

«አዎ። ጋሼ፣ መንፈስ ነው?»

«መንፈስ!» አሉ። ሊስቁ ነበር፤ ፊቷን ሲያዩ ተዉት። «መንፈስ ቫዝሊን አይፈራም። ይኼ ይፈራል። ተቀመጪ።»

ቀዳዳዋን በቫዝሊን ወፍራም አድርገው ደፈኗት። አየር ሲያጣ ራሱ ወደ ላይ ይመጣል፣ እስከዚያው መጠበቅ ነው አሏትና ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ትልቁ የግድግዳ ሰዓት ይቆጥራል። ወሰን ትከሻዋ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ታዳምጣለች። መጀመሪያ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ዞረ። ቀጥሎ መግፋት ጀመረ።

«የዝንብ ልጅ ነው» አሉ ጋሼ ወልዴ ወሬ እንደሚያወሩ ሁሉ። «ጎሬ ሳለሁ ስንቱን አውጥቻለሁ። ዝንቧ እርጥብ ልብስ ትወዳለች። ሣር ላይ ሲሰጣ መጥታ ዕንቁላሏን ትጥላለች። ይፈለፈልና ልብሱ ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል፤ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። የሰው ሙቀት ሲሰማው ይገባል። ለዚህ ነው እዚያ አገር ሁሉ ነገር የሚተኮሰው። ለማማር አይደለም፤ ሙታንታ ሳይቀር ነው የምንተኩሰው!»

«ጋቢስ?» አለች ወሰን።

«ጋቢማ ማን ይተኩሳል? ጋቢ አይተኮስም» አሉ ጋሼ ወልዴ። ከዚያ በመነጽራቸው ውስጥ አተኩረው አዩዋት።

ያን ጊዜ ከቫዝሊኑ መሐል ነጭ ነገር ብቅ አለ። ሁለት ጥቁር ነጥቦች ነበሩበት።

«እያየኝ ነው!» ብላ ጮኸች።

«ዓይኑ አይደለም፣ ቂጡ ነው። በቂጡ ነው የሚተነፍሰው። አትንቀሳቀሺ!»

በሁለት አውራ ጣታቸው ግራና ቀኙን ተጫኑት። አልሳቡም፤ ከተበጠሰ ግማሹ ውስጥ ይቀራል አሉ። ሕመሙ እስከ ክርኗ ወረደ። ከዚያ በወረንጦ ጫፉን ይዘው ቀስ አድርገው፣ ከነነፍሱ፣ ሙሉውን አወጡት። ወፍራም፣ ነጭ፣ ከሩዝ ፍሬ ተለቅ ያለ ትል ነበር። ጋሼ ወልዴ ባዶ የፎቶ ፊልም መያዣ ውስጥ ከተው ከደኑት። ቁስሉን በአልኮል ሲጠርጉት ወሰን አለቀሰች፤ ስላመማት ሳይሆን ስለቀለላት ነው። እማማ ብሥራት አልነበረችም።

«ጋቢው የት ነው ያለው?» አሉ ጋሼ ወልዴ።

«የምን ጋቢ?»

«ወሰን።»

አንገቷን ደፋች። ጋሼ ወልዴ እጃቸውን ስልኩ ላይ አሳረፉ። «እናትሽ ጋ ልደውል? ሕፃን ልጅ ቆዳው ስስ ነው። አንቺ ላይ የገባው አንዱ ነው፤ ሌሎቹ እዚያው ሆነው ይጠብቃሉ።»

«አይደውሉ፣ ጋሼ። እኔ… እነግራታለሁ።»

ፊልም መያዣውን ሰጧትና ለቀቋት። ደረጃውን ስትወርድ ግን ሌላ ሐሳብ መጣላት። በየፎቁ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ። እናቷ ልጁን እስክታስተኛ ጠብቃ ጋቢውን ከቁም ሳጥኑ ብታወጣው፣ ማድረቂያው ውስጥ በትልቁ ሙቀት ብታዞረው፣ አጥፋ ብትመልሰው ማን ያውቃል? ማንም። የአያቷን ቃል ማፍረሷንም ማንም አያውቅባትም። ሐሳቡ በጣም ደስ አላት። በሩን ስትከፍት ጨርሳ ወስና ነበር።

እናቷ ግን አልጋው ላይ ነበረች። አናንያ ታጥቦ፣ ጠብቶ፣ ራቁቱን ጭኗ ላይ ይንፈራገጣል። አጠገቧ ጋቢው ተዘርግቷል፤ ነጭ ነው፣ ጸጥ ብሏል፣ ምንም የሌለበት ይመስላል።

«መጣሽ? ነይ ያዢልኝ። ለነገ ልለካለት ነው» አለች ተረፈችና ልጁን አንሥታ ወደ ጋቢው ዘንበል አለች።

«አታስተኚው!»

ወሰን እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ጋቢውን ከሥሩ መንጥቃ ወለሉ ላይ ጣለችው። አናንያ ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ። ተረፈች የእናቷ ጋቢ መሬት ላይ ተጥሎ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አብደሻል?»

ወሰን ለእናቷ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነበር የምትመልሰው። አሁን ግን የወጣላት አማርኛ ነው፤ የተሰባበረ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የተቀላቀለ። መከናነቧን ነገረቻት፤ እንቅልፍ እንደወሰዳት፣ እንደዋሸች፣ አረፋውን፣ ዝንቧን፣ ሣሩን ነገረቻት። ፊልም መያዣውን ከፍታ አሳየቻትና ሹራቧን ከትከሻዋ ዝቅ አደረገች። «እማማ የቀጣችኝ መስሎኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አንቺን መንገር ፈራሁ።»

ተረፈች ትሉን አየችው። ወሰን ጥፊውን ጠበቀች፤ ቁጣውን፣ ጸሎቱንም ጠበቀች። እናቷ ግን አናንያን አስታቀፈቻትና እርጥቡን እጅጌዋን ቀስ ብላ ወደ ላይ ሰበሰበች።

ክንዷ ላይ ሦስት እብጠቶች ነበሩ። ሦስቱም ቀያይ፣ ሦስቱም አናታቸው ላይ ቀዳዳ አላቸው። መሐለኛው ወሰን እያየችው ተንቀሳቀሰ።

«አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ፣ አባትሽ ሥራ ሲወጣ ነው» አለች ተረፈች ዓይኗን ከክንዷ ሳትነቅል። «በየቀኑ። ተከናንቤው አለቅስ ነበር። ሰው ፊት ማልቀስ አልሆነልኝም። ያለችውን ሰምቼ… ከልጁ በፊት ማንም እንዳይነካው ያለችውን ሰምቼ፣ ግን እሷን እሷን ሲሸተኝ…» ወለሉ ላይ ወዳለው ጋቢ አየች። «እኔም የቀጣችኝ መስሎኝ ነበር።»

ወሰን ነፃ እጇን የእናቷ ጉልበት ላይ አደረገች። ተረፈች፣ በሦስት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልጇ እያየቻት አለቀሰች።

ካበቃች በኋላ አናንያን ተቀብላ ከራስ ቅሉ እስከ ጣቶቹ መሐል፣ እያገላበጠች፣ ጣት በጣት አየችው። ምንም የለበትም። ሁለት ጊዜ አየችው። ከዚያ አልብሳ አልጋው ውስጥ አስተኛችው።

ወሰን መተኮሻ ጠረጴዛውን ከበሩ ጀርባ አውጥታ ዘረጋች። ካውያውን ሰክታ እስከ መጨረሻው ሙቀት አዞረችው። ጋሼ ወልዴ ጋም ደወለችና «እናቴም ልትመጣ ነው፣ ቫዝሊኑን እንዳይከድኑት» አለቻቸው። ጋቢውን በፎጣ ይዛ ከወለሉ አነሣችው።

«ጋቢ አይተኮስም» አለች ተረፈች።

«አውቃለሁ።»

«ሽታዋ ይጠፋል።»

ወሰን ይህን አላሰበችም ነበር። ካውያውን እንደያዘች ቆመች። ጢሱና እርጥቡ ሣር ከጋቢው ላይ ሽው ሲል ለእሷም ሸተታት፤ ከአያቷ የቀራቸው ያ ብቻ ነበር። ልጁ አልጋው ውስጥ አስነጠሰ። መስኮቱ ላይ ነፋሱ ያፏጫል። ካውያው እንፋሎት መትፋት ጀመረ፤ ወሰን ግን እናቷን ጠበቀች።

ተረፈች ተነሥታ መጣች። የጋቢውን አንዱን ጫፍ በፎጣ ይዛ ወጠር አደረገችው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብላ እንፋሎቱ ሽታውን ይዞ ፊቷን በሚያገኝበት ቦታ ቆመች።

«ቀስ እያልሽ» አለች። «ከጥለቱ ጀምሪ።»