ዱቄት የነካቸው ገጾች

«ይቅርታ፣ በመጻሕፍታችን ዳቦ የሚጠቀልሉት እርስዎ ነዎት?»

ይህችን ጥያቄ ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ እየተለማመድኳት ነበር የሄድኩት። ስናገራት ግን ለራሴም በቅጡ አልተሰማችኝም። ጋጋሪው እጁ እስከ ክርኑ ሊጥ ውስጥ እንደገባ ቀና አለ። ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነበር።

«ምን አልሽኝ እህቴ?»

ልጆች የመለሱትን መጽሐፍ ገልጬ ገጹ ላይ የቀረውን የዱቄት አሻራ አሳየሁት። እንዲህ ያሉ አራት መጻሕፍት ነበሩኝ፤ በአንደኛው ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ ደርቆ ተጣብቋል።

አሻራውን አየ፤ ቀጥሎ የገዛ አውራ ጣቱን አየ። «ጣቱስ የእኔ ነው» አለ። «ግን በመጽሐፍ ዳቦ ይጠቀለላል እንዴ? ቀለሙ ይለቃል እኮ።»

ከጀርባው ያሉትን ያየኋቸው ያኔ ነው። የዱቄት ጆንያዎቹ ላይ አሥር አሥራ ሁለት የሚሆኑ ልጆች ተደርድረዋል። የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ልጅ መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታለች።

«እሽሽ መጣች!» አለች።

እሽሽ እኔ ነኝ። ልጆቹ ያወጡልኝ ስም ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከዚህ ሌላ ነገር ስናገር ሰምተውኝ አያውቁም።

«ጠዋት ዳቦ ሊገዙ ይላካሉ» አለ ጋጋሪው ሊጡን እየገለበጠ። «ሰልፉ ሲረዝም ይደባደባሉ። እጄ እዚህ ውስጥ ነው፤ ማን ይገላግላቸው? አንድ ቀን ይቺን ‹በይ የያዝሽውን አንብቢልን› አልኳት። ከዚያ ወዲህ ዳቦውን ገዝተውም አይሄዱልኝ። እናቶቻቸው ይረግሙኛል።»

«ዱቄቱስ?»

«ሥዕል ሲመጣ እኔም ማየት አለብኝ አይደል?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ፤ ግን ደክሞኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጆቹን የንባብ ክፍል የምይዘው እኔ ነኝ። በየሱቁ ማስታወቂያ ለጥፌአለሁ፣ በየበሩ አንኳኩቼአለሁ። መጽሐፍ አንብቦ የጨረሰ ልጅ መጥቶ ታሪኩን በራሱ አፍ ይነግረኛል፤ እኔም ካርዱ ላይ ማኅተም እመታለታለሁ። በዚያ ዓመት ግን ኃላፊው ቁርጡን ነግሮኝ ነበር፤ ዕረፍቱ ሲያልቅ ሦስት መቶ ማኅተም ካልሞላ ክፍሉ የዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል፣ እኔም ወደ መዝገብ ቤት እዛወራለሁ። የዕረፍቱ ግማሽ አልፎ የመታሁት አርባ አንድ ነበር። ቀኑን ሙሉ ለልጅ ቁመት በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ዝናቡን እሰማለሁ። ቤት ስገባ እናቴ «ልጄ፣ ሰው ለማይገባበት ቤት ዘበኛ ሆነሽ ቀረሽ» ትለኛለች።

በማግስቱ የዘገዩትን መጻሕፍት ልሰበስብ ዳቦ ቤት ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ልገዛ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፈለግ ተውኩ።

«ይህ ሁሉ ዳቦ ምንድን ነው? ድግስ አለብን እንዴ?» አለች እናቴ።

ጋጋሪው ሥራ የሚጀምረው ሳይነጋ ስለሆነ እኔ ስደርስ ዓይኖቹ ቀልተው ይጠብቁኛል። ብዙ አናወራም። አንድ ጠዋት ልጆቹ ከሄዱ በኋላ እጁን እየታጠበ፣ «አባቴ ወገቡን ሲታመም ነው ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ እዚህ የገባሁት» አለኝ። «መጽሐፍ ሲነበብልኝ የመጀመሪያዬ ነው። ሲደክመኝ የእነሱን ድምፅ ተደግፌ ነው የምቆመው።»

ፎጣውን አቀበልኩት። ጣቶቻችን ተነካኩ፤ ሁለታችንም ፎጣውን ተመለከትን።

ስለ ሦስት መቶው የነገርኩት ዕረፍቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። እጁ ሊጡ ውስጥ ቆመ።

«እነዚህ ልጆች ታዲያ?»

«እኔ ጋ አልመጡም። አልተቆጠሩም።»

«እኔ እዚህ አስቀርቼብሽ ነዋ!» ፊቱ ጠቆረ። «ክፍሉን ያስዘጋሁብሽ እኔ ነኝ።»

«አንተ ምን አደረግክ» አልኩት። አንተ ማለቴ የታወቀኝ መንገድ ላይ ነው።

በማግስቱ ልጆቹን በሙሉ ወደ እኔ ሰደዳቸው። ጸጉራቸው ላይ ዱቄት እንደያዙ በሬ ላይ ተሰለፉ። የመጀመሪያው ታሪኩን ነገረኝ፤ ማኅተም መታሁለት። ሁለተኛው ያንኑ ታሪክ ነገረኝ። ሦስተኛዋ ጥርሶቿ የወለቁት ልጅ ነበረች።

«እኔ ግን» አለች ካርዷን ከጀርባዋ እየደበቀች፣ «ያነበብኩት ገጽ አሥራ አንድን ብቻ ነው። ሌላውን እነሱ ናቸው ያነበቡት።»

ለካ ዳቦ ቤት ውስጥ ንባቡ በየተራ፣ ለአንድ ልጅ አንድ ገጽ ነበር። አንዱን መጽሐፍ ለአሥራ ሁለት ተከፋፍለውታል። ማኅተሙን መልሼ አስቀመጥኩት። ብመታላቸው ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

«ለሁላችሁም የሚደርሳችሁ አንድ ማኅተም ነው» አልኳቸው።

ተያዩ። «የተመታለትን የእሱን ካርድ በየተራ እንይዘዋለና!» አለ አንዱ።

በቀሩት ቀናት ብዙዎቹ ጓደኞቻቸውንም እየጎተቱ መጥተው ለየብቻቸው ተውሰው አነበቡ። ዕረፍቱ ሲያልቅ ሁለት መቶ ስድስት ደረስን። ኃላፊው ቁጥሩን አይቶ «ልፋትሽ አልጠፋኝም» አለኝ፤ ክፍሉን ግን ዘጋው። ትንንሾቹን ወንበሮች ራሴ ደራርቤ በሩን ቆለፍኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዳቦ ቤት ደርሶ ነበር።

«መምታት ትችይ ነበር» አለኝ ጋጋሪው።

«እችል ነበር።»

«ታዲያ?»

«ያቺን ልጅ ከዚያ በኋላ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ጆንያዎቹ ላይ ማንም አልነበረም፤ ትምህርት ተከፍቷል። «ትናንት ሁለት ጊዜ ቆሜ አንቀላፋሁ» አለ። «ልጆቹ ሲያነቡልኝ የነበረው መጽሐፍም ሳያልቅ ቀረ። ሰዓት ሠሪው ልጁን ያግኛት አያግኛት ሳላውቅ።»

መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ በስሜ ተውሼው ነው የመጣሁት። መዝገብ ቤት እስክገባ አንድ ሰዓት ይቀረኛል። ጆንያው ላይ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። ለሰው ጮክ ብዬ አንብቤ ስለማላውቅ ድምፄ ከሹክሹክታ አላለፈም።

«ከፍ አድርጊው» አለ ጀርባውን እንዳዞረ። «እዚህ እሽሽ የሚል የለም።»

ከፍ አደረግኩት። ምዕራፉ ሲያልቅ፣ ሥዕል የሌለበትን ገጽ ሊያይ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አውራ ጣቱን ከገጹ ዳር አሳረፈ። ዱቄቱን አላራገፍኩትም።

«ነገም ትመጫለሽ?»

«መጽሐፉ መች አለቀ» አልኩት፤ ቀና ብዬ ግን አላየሁትም።

የዚያን ቀን ዳቦው አረረ።

በማግስቱ ሄድኩ፤ ከዚያም በኋላ ሄድኩ። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከጆንያዎቹ በላይ የመጻሕፍት መደርደሪያ ሰቀልን። ከተጋባን ሁለት ወራችን ነበር።