የእንግዶች መዝገብ ላይ ያለችው አብርሆት

ሚስጥር «እሺ» የሚለውን ቃል ይዛ ነው ከሲልቨር ስፕሪንግ የወጣችው። ኖህ ባለፈው እሑድ ከቸርች ሲወጡ «ሽማግሌ ልላክ?» ብሏት፣ «ቅዳሜ እነግርሃለሁ» ብላው ነበር። ቅዳሜ ሲደርስ ሁለት ሰዓት ነድቶ፣ የድሮ ሰፋሪዎች የኖሩበትን የእንጨት ቤት ሊያሳያት ቨርጂኒያ ገጠር ይዟት መጣ።

ሌላው ፍቅረኛውን ሬስቶራንት ይጋብዛል፤ ኖህ ማረሻና ኮርቻ ያስጎበኛል። እሷም ይህንኑ ጠባዩን ነበር የወደደችለት።

ሙዚየሙ በር ላይ የተቀበለቻቸው አሮጊት አስጎብኚ ኖህን ስታይ ፊቷ በራ። «አብርሆትስ የት አለች?» አለችው በእንግሊዝኛ።

«ዛሬ ሥራ ገብታለች።»

አብርሆት ደግሞ ማን ናት? ሚስጥር የእንግዶች መዝገብ ላይ ልትፈርም ጎንበስ ስትል የአማርኛ ጽሑፍ አየች። «ኖህና አብርሆት» ይላል። ገጹን ገለጠች። ኖህና አብርሆት። አሁንም ገለጠች። በወር ሁለቴ!

ቅናት አንገቷ ድረስ ሞላት።

ውስጥ ሲገቡ አስጎብኚዋ የጥጥ መፍተያውን እያሳየች «አብርሆት ስትፈትል ብታዪ!» አለቻት። ሚስጥር ማንም ሳይጋብዛት ተቀመጠች። ክሩ ተበጠሰ። ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ ተበጠሰ። ኖህ ሳቁን ሲያፍን አየችውና ተነሥታ ወጣች።

ተከትሏት ሲመጣ ግቢው ውስጥ ካለው አሮጌ ጋሪ አጠገብ ቆማ ጠበቀችው።

«መልሴን ልንገርህ? ሽማግሌዎችህን ለአብርሆት ላክላት!»

ኖህ ክው አለ። «አብርሆት እኮ እናቴ ናት።»

«አትዋሸኝ! የተዋወቅነው እናትህ ሞተው ለቅሶ ልንደርስህ ስንመጣ አይደል እንዴ?»

«የሞተችው አያቴ ናት። እማዬ የምላት እሷን ነው። አብርሆት በአሥራ ስድስት ዓመቷ ወለደችኝ፤ እማዬ ሁለታችንንም እንደ እህትና ወንድም አሳደገችን። እስከ ዛሬ በስሟ ነው የምጠራት።»

ሚስጥር አፏን በእጇ ያዘች። የገዛ አጎቷ እናቱን በስሟ ሲጠራ እያየች ነው ያደገችው፤ ቅናት ይህን እንኳ አስረሳት።

«ታዲያ ለምን ደበቅከኝ?»

«ከአገር ቤት ከመጣች ገና አራት ወሯ ነው። ቤት ስንቀመጥ የምናወራው ይጠፋናል። አንድ ቀን እዚህ ባመጣት መፍተያውን አይታ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ እዚህ እየመጣን ነው የምንተዋወቀው። ለሰው ‹እናቴ› ብዬ ላስተዋውቃት ስል ምላሴ ይያዛል።»

«አሁን ግን ብለኸኛል» አለችው ቀስ ብላ።

ወዲያው የኖህ ስልክ ጮኸ። አይቶት ስፒከር ላይ አደረገው።

«የት ነህ?» አለች አብርሆት።

«ሙዚየም።»

«ያለ እኔ? ከማን ጋር?»

«ከሚስጥር ጋር።»

«ፈተለች?» አለች አብርሆት።

«ተበጠሰባት።»

«እሰይ!»

ሚስጥር በሳቅ ፈረሰች። ለካ የቀናችው እሷ ብቻ አይደለችም።

«ቅር አይበልሽ» አለ ኖህ፣ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስታችንም እንመጣለን፣ እናቴ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን አንሥቶ ሲያየው አልተቋረጠም።

«ምን አልከኝ?» አለች አብርሆት በመጨረሻ። «ድገመው እስቲ።»

ኖህ ከመድገሙ በፊት ሚስጥር እጁን ያዘችና በጆሮው «ሽማግሌዎቹን ላክ» አለችው።