ከኩርባው በፊት

የምስራች የከባድ መኪናው የኋላ መብራት ቀይ ሲበራ አየች። ፍሬኑን ባላት ጉልበት ረገጠችው፤ ዓይኖቿንም ጨፈነች። አሮጌዋ ኮሮላ ጎማዋ እየጮኸ ተንሸራተተችና... ድም!

ዓይኗን ስትገልጥ ኮሮላዋ የተሳቢውን መከላከያ ስማ ቆማለች።

ከጋቢናው አንድ ረጅም ሰው ዘሎ ወረደ። መከላከያውን ዳበሰ፤ ምንም አልሆነም። ወደ መስኮቷ መጥቶ በፈረንሳይኛ ሊጀምር ብሎ ፊቷን ሲያይ ወደ አማርኛ ዞረ።

«እህቴ፣ በመስታወት አይቼሻለሁ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው እንዴ የምትነጂው?»

መዋሸት አልመጣላትም።

«ፍሬን ስይዝ ብቻ ነው» አለች።

ሰውየው ሊቆጣ የከፈተው አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ በጅቡቲው አሮጌ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ከኋላ የቆመው መኪና ሁሉ ጡሩምባውን እያንባረቀ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የምስራች ግን እንባዋ መጣ።

«ምን ያስቅሃል? ሰው ልገድል ነበር እኮ!»

«ይቅርታ... በአንቺ አይደለም። እንዲህ እውነቱን ፍርጥ አድርጎ የነገረኝ ሹፌር ገጥሞኝ ስለማያውቅ ነው።»

ከኋላ ወንበር የተቀመጡት አሮጊት ማራገቢያቸውን ቀሰሩበት።

«ስማ አንተ ረጅሙ! ልጄን አስለቅሰህማ አትሄድም። ሹፌር አይደለህ? አስተምራት!»

«እኔ?»

«ታዲያ ባቡሩ ያስተምራት?»

የሁለቱ ነገር የተጀመረው እንዲህ ነው። ጊዜው 1999 ዓ.ም.፣ የግንቦት መግቢያ ነበር።

የምስራች ከኮምቦልቻ መጥታ ካርቲየ 2 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ውስጥ በአየዮ ሩቂያ ቤት መሥራት ከጀመረች አራት ዓመት አልፏታል። አየዮ በሶማልኛ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራቸው። ልጅነታቸውን ድሬዳዋ ስላሳለፉ አማርኛውን ያንበለብሉታል፤ ስድባቸውማ አይጣል! ባላቸው ሞተው፣ አንድ ልጃቸውም ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ከቀረ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ሴቶች ብቻ ናቸው።

አየዮ አስም አለባቸው። የጅቡቲ ሐሩር ገብቶ ያ የሚጋረፍ ነፋስ ሲነሳ ደረታቸው ይዘጋል። ሐኪሙ የሙቀቱን ወራት አርታ ተራራ ላይ፣ ቀዝቀዝ ባለው በእህታቸው ቤት እንዲያሳልፉ አዟቸዋል። የቤቱ ሹፌር ግን ሥራውን ለቆ ሄዷል። የምስራች መንጃ ፈቃድ ቢኖራትም ከፈተናው ቀን ወዲህ እስከዚያች የግጭት ቀን ድረስ መሪ ጨብጣ አታውቅም ነበር። ወደ አርታ የሚያወጣው መንገድ ደግሞ ኩርባ በኩርባ ነው።

ረጅሙ ሰው ፍራኦል ይባላል፤ የአዳማ ልጅ ነው። ከወደቡ ስንዴና ማዳበሪያ ጭኖ ወደ መሀል አገር ይመላለሳል። መሥሪያ ቤቱ ከውጭ አሠልጣኝ አስመጥቶ ስለ ፍሬንና ስለ ኩርባ አያያዝ አሠልጥኖታል። ጭነት እስኪደርሰው እዚያው ከተማዋ ውስጥ ስለሚቆይ፣ አርብ አርብ ጠዋት ከጣቢያው ጀርባ ያለው ባዶ ሜዳ የሁለቱ ትምህርት ቤት ሆነ።

የሁለቱ ስል... የሦስቱ ማለቴ ነው።

«ወንድና ሴት ብቻቸውን መኪና ውስጥ? እኔ በሕይወት እያለሁ?» ብለው አየዮ የኋላ ወንበራቸውን አለቅም አሉ።

ፍራኦል ባዶ ጄሪካኖች ደርድሮ ኩርባ ሠራላት።

«ጀርባሽ ወንበሩን ይደገፍ። መሪውን አታንቂው፣ ያዝ አድርጊው። አሁን ቀጥ ብለሽ ፍጠኚ፤ ጄሪካኑ ጋ ስትደርሺ ፍሬኑን በደንብ ያዢ። ዓይንሽን ግን...»

«አልጨፍንም!»

ጨፈነች። ጄሪካኑ እየተንከባለለ ሄደ።

«ጎማው ሲጮህ ሰማሽ?» አላት፣ ሳይቆጣ። «ተቆልፏል ማለት ነው። የተቆለፈ ጎማ መሪ አይታዘዝም። ትንሽ ልቀቂለት፣ ወዲያው ይመለስልሻል። እንደገና።»

እንደገና ሞከረች። እንደገና ጄሪካን መታች። አየዮ ከኋላ ሆነው በሶማልኛ ዱዓ ያደርጋሉ።

«ኩርባስ?» አለችው በሌላው አርብ።

«የኩርባ ሥራ የሚያልቀው ከኩርባው በፊት ነው። ቀጥታው ላይ ሳለሽ ፍጥነትሽን ቀንሺ፣ ማርሽ አውርጂ፣ ፍሬኑን ቀስ እያልሽ እየለቀቅሽ ግቢ። መሀሉ ላይ ደርሰሽ ደንግጠሽ ከረገጥሽ መኪናው አንቺን አይሰማም። ደግሞ ገደሉን አትዪ። መውጫውን እዪ። እጅሽ የሚከተለው ዓይንሽን ነው።»

«አንተ ገደል አትፈራም?»

«በጣም እፈራለሁ። ለዚህ እኮ ነው የማላየው።»

ሳቀች። እሱም አያት፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ ጄሪካኖቹ መለሰ።

ከአዋሽ ሐብሐብ ያመጣላት ጀመር። «ለአየዮ ነው» ይላል፤ ትልቁን ግን ለእሷ ነው የሚያቀብላት። አንድ ጠዋት የምስራች ኩርባውን ከዳር ገብታ፣ መውጫውን እያየች፣ አንድም ጄሪካን ሳትነካ ወጣች። መኪናው ከሥሯ እንደ ገራም በቅሎ ሲታዘዛት ተሰማት።

«ፍራኦል! አየኸኝ? አየኸኝ ወይ!» ብላ ሳታስበው እጁን ያዘች።

«እጅ!» አሉ አየዮ ከኋላ።

ሁለቱም እንደተቃጠለ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። የዚያን ቀን ግን የምስራች ወጥ ስትሠራ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረች።

ሰኔ ሲገባ ነገር ተበላሸ። ትምህርቱ አልቆ ሦስቱም መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ሐብሐብ ሲበሉ፣ አየዮ እንዲህ አሉ፦

«ትናንት ልጄ ደውሎ ነበር። ማርሴይ ነይ፣ እዚህ ኑሪ ይለኛል። የምስራችን ጥዬ የትም አልሄድም ስለው፣ ‹እሷንም ይዘሻት ነይ› አለኝ።»

ይህን ጊዜ የፍራኦል ስልክ ጠራ። ጭነት ደርሶታል። እየተነጋገረ ወርዶ ራቅ አለ።

አየዮ ወሬያቸውን ቀጠሉ። «እኔም ‹በስተርጅና ብርድ ልታስፈጀኝ ነው? የባሌ መቃብር እዚህ ነው!› ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።»

የምስራች ሐብሐቡ እስኪያንቃት ሳቀች። ፍራኦል ከሩቅ ዞር ብሎ ሁለቱን ሲሳሳቁ አያቸው። እጁን ብቻ አውለበለበና ሄደ።

በሚቀጥለው አርብ አልመጣም። በሌላውም አልመጣም። ብትደውል፣ «ሥራ በዝቶብኛል» አላት፤ ድምፁ ቀዝቅዟል።

ጓደኛውን ጉታን ወደቡ አካባቢ ስታገኘው ጠየቀችው።

«ፍራኦል? መስመር ቀይሩልኝ ብሎ በሞያሌ በኩል ተፈቅዶለታል። በመጪው ሐሙስ የመጨረሻ ጭነቱን ይዞ ይወጣል። ከአርታ በታች፣ ወዓ ላይ እንገናኛለን፣ ሁላችንም ጎማ የምናየው እዚያ ነው።»

ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ሚስት... አለችው እንዴ?»

«ሹፌር ሚስት ቢኖረው ለማን ይናገራል?» ብሎ ጉታ ሳቀ።

ቀልዱን ነበር። እሷ ግን ያን ቀልድ እንደ እሾህ ይዛው ቤቷ ገባች። ‹ለካ ለዚህ ነው!› አለች። ከዚያ በኋላ አልደወለችም።

ረቡዕ ጠዋት ነፋሱ ተነሳ። አየዮ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አየር እንደ ውሃ ይጎነጫሉ፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሐኪሙ መጥቶ መድኃኒት ሰጣቸውና ትንሽ ሲተነፍሱ፣ «አሁኑኑ ከዚህ ሙቀት ይውጡ» አለ።

የምስራች ቁልፉን አነሳች።

«ትችያለሽ?» አሉ አየዮ።

«አላውቅም። ግን እንሄዳለን።»

ከከተማው ወጡ። ሜዳው አልቆ ተራራው ሲጀምር የመጀመሪያው ኩርባ መጣ። ቀጥታው ላይ ቀነሰች፣ ማርሽ አወረደች፣ መውጫውን አየች። ወጣች። ሁለተኛውንም ወጣች። ትንፋሿ እየተመለሰ ሄደ።

አንዱን ኩርባ ጨርሳ ቀጥታው ላይ ፍጥነት ስትጨምር፣ ሦስት ግመሎች ከቋጥኙ ጀርባ መንገዱ ላይ ብቅ አሉ!

ፍሬኑን ያዘች። ዓይኗ አልተከደነም። ጎማው ጮኸ፤ ትንሽ ለቀቀችለት፤ መሪው ተመለሰላት። ከመጨረሻው ግመልና ከድንጋዩ መሀል ያለውን ክፍተት አየች፤ ሌላ ምንም አላየችም። ኮሮላዋ በዚያ ክፍተት ሾልካ አለፈችና ቆመች።

ግመሎቹ እያላመጡ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«አየዮ... ደህና ነዎት?»

«እኔማ ደህና ነኝ» አሉ አሮጊቷ በቀጭን ድምፅ። «ያ ረጅሙ ቢያይሽ እንዴት ደስ ባለው!»

የምስራች መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

አርታ ደርሰው አየዮ ቀዝቃዛውን አየር ስበው ፊታቸው ሲመለስ፣ አጠገባቸው አስቀመጧትና ጠየቋት። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የቀረበትን አርብ፣ ሞያሌን፣ የጉታንም ቀልድ። አየዮ ሲያዳምጡ ቆይተው በድንገት ግንባራቸውን መቱ።

«ወይኔ! የማርሴዩን ወሬ ስጀምር እሱ ነበር፤ እምቢ ማለቴን ስነግርሽ ግን ስልክ ላይ ነበር! ያ ረጅሙ እኮ ፈረንሳይ ልትሄጂ መስሎት ነው የሸሸው! ነገ ሐሙስ አይደለም? በይ፣ ሲነጋ ውረጂ።»

«እኔ? ወንድ ፍለጋ?»

«ልጄ፣ ኩራት ሞያሌ ድረስ አያደርስሽም። ውረጂ!»

በማግስቱ የምስራች ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ነዳች። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ፣ ፍሬኑ እንዳይግል አልፎ አልፎ ብቻ እየያዘች፣ ወረደች።

ፍራኦል ወዓ ላይ መንገዱ ዳር ቆሞ ጎማ ያያል። አንዲት መኪና ከሩቅ ኩርባውን ስትገባ ዓይኑ አረፈባት። ቀደም ብላ ቀነሰች፣ ለስለስ ብላ ዞረች፣ ቀስ እያለች ጨመረች።

«ይሄ ሰው መንዳት ያውቃል» አለው ለጉታ።

መኪናዋ መጥታ አጠገቡ ቆመች። በሩ ተከፈተ። ፍራኦል የያዘው መፍቻ ከእጁ ወደቀ።

«የምስራች? አየዮስ?»

«አርታ ናቸው። ደህና ናቸው።»

«ማን ወሰዳቸው?»

«እኔ።»

«ብቻሽን ነው የወረድሽው?»

«ሚስት አለህ?» አለችው በምላሹ። ስትመጣ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፍቶባት ነበር።

«ምን?»

«ሚስት አለህ ወይ? አንድ ነገር ነው የጠየቅሁህ!»

ጉታ ሳቁን ውጦ ወደ ሻይ ቤቱ ሸሸ።

«የለኝም» አለ ፍራኦል። «እንድትኖረኝ ያሰብኳት ደግሞ... ፈረንሳይ ልትሄድ ነው።»

«የትም አልሄድም! አየዮ ለልጃቸው እምቢ ብለውታል። አንተ ስልክ ልታነሳ ወርደህ ነው ያልሰማኸው። የምትሄደው አንተ ነህ!»

ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ሹፌር ነኝ፣ የምስራች። ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የምኖረው። አንቺን ከዚያ ዕድል ማስቀረት...»

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ፈራሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እፈራለሁ።» መሬት ያለውን መፍቻ ረስቶ እጇን ያዘ። ከኋላ ሆኖ የሚቆጣ አልነበረም። «ታገቢኛለሽ?»

«የሞያሌውን መስመር ተወው።»

«ተውኩት!»

«እንግዲያው... አዎ።»

ከሻይ ቤቱ ውስጥ ጉታ ፉጨቱን አቀለጠው።

በጥቅምት አጋማሽ የፍራኦል ሽማግሌዎች ከአዳማ መጡ። የምስራች እናትና አባት በሕይወት ስላልነበሩ አየዮ የእናትን ቦታ ያዙ፤ ሽማግሌዎቹን ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ጠየቋቸው፤ ልጁ እንዴት እንዳደገ፣ ሲቆጣ እንዴት እንደሚሆን፣ ጫት መቃም አለመቃሙን። በመጨረሻ መረቁ። ሙሽሮቹ እዚያው የአየዮ ግቢ ውስጥ ባለው ክፍል ገቡ። ፍራኦል በጅቡቲ መስመር ቀጠለ። የምስራችም ሐሩር በመጣ ቁጥር አየዮን አርታ ታደርሳለች፤ አርብ አርብ ደግሞ እንደሷ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቿን በዚያው ሜዳ መንዳት ታስተምራለች።

በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ ምጥ መጣባት። ደግነቱ ፍራኦል ቤት ነበር። ኮሮላዋን አስነስቶ በረረ፤ ያ በተሳቢ አገር የሚያቋርጥ ሰው ማርሹን ተሳሳተ፣ ሞተሩን ሁለቴ አጠፋ፣ አደባባዩን እንደ አውሎ ነፋስ ገባበት።

«ፍራኦል!» ጮኸች የምስራች ሆዷን ይዛ። «ቀስ በል! ወይ አንተ ውረድና እኔ ልንዳ!»

«ይቅርታ... ይቅርታ ሆዴ!»

አየዮ ከኋላ እየሳቁ ዱዓቸውን ያደርጋሉ።

ሆስፒታል በደህና ደረሱ። ማምሻውን ሴት ልጅ ተወለደች። አየዮ ሕፃኗን ተቀብለው ረጅም እግሮቿን አዩና፣ «አባቷን ናት!» አሉ። ፍራኦል ግንባሩን ከየምስራች ግንባር ጋር አገናኘ።

«ስሟን ማን እንበላት?» አለችው በደከመ ድምፅ።

«ሀና» አለ። «ሀና ፍራኦል።»

የምስራች ፈገግ ብላ ልጇን ታቅፋ እንቅልፍ ወሰዳት።