ከጡቡ ጀርባ ያለው ቤት

ዊኒፍሬድ የአሮጌውን ቤት የኦክ እንጨት ምሰሶ በመዶሻዋ እጀታ አንኳኳች።

«ብስኩት አማረኝ» አለ ከጀርባዋ የቆመው ቀጭን ሰው።

«እኔ የያዝኩት ፖም ብቻ ነው።»

የመተዋወቂያ ቃሉ ገጠመ። ሰውየው ከምሥራቅ በርሊን የከዳው የፊዚክስ ሊቅ ክላውስ ነው። እሷ ለመንደሩ ሰው የቅርስ ቤቶች መርማሪዋ ሚስ ሃርዉድ ናት፤ ለስለላ አለቆቿ ደግሞ «ድንቢጥ»። ባልደረባዋ ክሊፎርድ ሲመሽ መጥቶ ይወስዳቸዋል።

መኪናው ግን በጠራራ ፀሐይ ወደ ግቢው ገባ።

ክሊፎርድ ወረደ። ሁለት ሰዎች ተከተሉት። አንደኛውን በፎቶግራፍ ታውቀዋለች፤ የሞስኮ ሰው ነው።

ሸጧቸዋል።

ክላውስን የደበቁት የቤቱ ባለቤት፣ ሽማግሌው ሚስተር ፔልሃም፣ እያለከለኩ ገቡ።

«የጓሮው በርስ?» አለች።

«አንዱ ወደዚያ ዞሯል። ስሚኝ። የአያቴ አያት የእንጨት ቤት አሳፍሯቸው ፊቱን በጡብ አስለበጡት። በእንጨቱና በጡቡ መሃል ቀጭን ሰው ያልፋል። መጨረሻው ከሰል ቤቱ ነው።»

«መግቢያው የት ነው?»

የወይን ሐረግ የተቀረጸበትን የግድግዳ ሳንቃ አሳዩዋት። ዕድሜ ልካቸውን በሰም ሲወለውሉት ኖረዋል።

«ምስማር ብመታበት እንኳ መንግሥት ይከሰኛል» አሉና በምድጃው መቆስቆሻ ፈለጡት።

«እርስዎም ይምጡ!»

«በዚህ ሆዴ? ሂጂ ባክሽ!»

ክላውስን አስቀድማ ገባች። ሽማግሌው ከባዱን ወንበር ጎትተው ቀዳዳውን ከልለው ተቀመጡ። ብርሃኑ ጠፋ።

በጎናቸው እየተንፏቀቁ ሄዱ። አሮጌ ልስን አይናቸው ውስጥ ረገፈ።

«የት ናቸው?» የክሊፎርድ ድምፅ ነው።

«መጀመሪያ ጫማህን ጥረግ፣ ጎረምሳ።»

«ሽማግሌ፣ አትቀልድ!»

«እየቀለድኩ አይደለም። ምንጣፉ የእናቴ ነው።»

ተኩስ።

ክላውስ ደርቆ ቀረ። እሷም ቆመች። ሽጉጧ ብብቷ ስር ነበር። መመለስ ፈለገች።

«ሂድ» አለችው ገፍታ።

ከከሰል ቤቱ ወጡ። ክሊፎርድ የመኪናውን ሞተር አላጠፋም ነበር። በዚያው መኪና አመለጡ፤ ሳይመሽም ክላውስን ለንደን አስረከበችው። ክሊፎርድም ሊሸሽ ሲል ወደብ ላይ ተያዘ።

«ጥሩ ሥራ ነው» አላት አለቃዋ።

ጋዜጦች ሚስተር ፔልሃምን ሌባ ገደላቸው ብለው ጻፉ። እህታቸው ግን በመጨረሻ ምን እንዳሉ ለማወቅ ያቺን መርማሪ ፈለገቻት። ቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ድረስ ሄደች።

«ሚስ ሃርዉድ የምትባል ሠራተኛ ኖራን አታውቅም» አሏት።

እውነታቸውን ነው። ዊኒፍሬድ በዚያን ሰዓት ሊድስ ከተማ፣ አንድ ባርኔጣ ቤት ውስጥ፣ በሌላ ስም እየተጠራች ለደንበኛ መስታወት ይዛ ነበር።