የደምሰው ፈረስ

ምንትዋብ ቁልፉን በመዳፏ ጨምድዳ የሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ተገትራለች። ከበሩ ወዲያ የአባቷ ሰማያዊ ኮርሳ ብስክሌት አለ። ከኋላዋ፣ ግቢውን በሞላው የዕድር ድንኳን ውስጥ፣ የሣልስቱ ለቀስተኛ ተቀምጧል። እናቷ አፀደ ደግሞ ባሏ ከተቀበረ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው፤ «ያንን ብስክሌት ዓይኔ እንዳያየው» ብላለች፣ አለቀ። እህል አልቀመሰችም። ከሁሉ የከፋው ግን አላለቀሰችም።

መንደሩን ያስጨነቀው ይኸው ነው። ደምሰው ቢሮው ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ ብሎ ሲሞት፣ ሚስቱ ትጮኻለች፣ ደረቷን ትደቃለች ብሎ ሁሉም ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ፍራሹ ላይ ኩርምት ብላ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ጎረቤታቸው እትዬ ቡዜ ከንፈራቸውን እየመጠጡ «ያልወጣ ሐዘን ሰው ይበላል» ሲሉ ምንትዋብ ሰምታለች። ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አባቷን ቀብራ እናቷንም እንዳትቀብር ፈርታለች።

ነገሩን የቆሰቆሱት የአባቷ ታላቅ ወንድም አቶ ላቀው ናቸው። ከመንዝ ሲመጡ ቀብሩ አምልጧቸው ለሣልስቱ ደረሱ። ድንኳኑ በር ላይ ቆመው እስኪወጣላቸው አለቀሱና እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ዙሪያቸውን ቃኙ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ማሞም፣ ቀብሩ ላይ የተነበበውን የሟቹን ታሪክ ባጭሩ ነገሯቸው። በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ለረጅም ዘመን አገልግሏል፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበር። ደምሰውን የሚያክል ሰው፣ በቃ፣ ይኼው ሆነ ታሪኩ!

«ፈረሱስ የታለ?» አሉ አቶ ላቀው።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሽማግሌው ግን አልቀለዱም። በእሳቸው አገር ወንድ ሲሞት ይጋልበው የነበረው ፈረስ ተሸልሞ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ ለቅሶው መሀል ይዞራል። ሟቹ ማን እንደነበር የሚነገረውም ያኔ ነው። ለዚሁ ብለው የአባታቸውን ፈረስ ግላስ፣ ያንን ፈረስ በክብር ቀን የሚለብሰውን ቀይ ጥልፍ ጨርቅ፣ በከረጢት ይዘው መጥተዋል። ወንድማቸው ፈረስ እንደሌለው ያውቃሉ። የብስክሌቱ ዝና ግን መንዝ ድረስ ደርሷል።

አቶ ማሞ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ደንብ ስለሚወዱ ነው። ለቅሶ መሀል ብስክሌት ቢዞር መንደሩ መሳቂያ ይሆናል፣ ደግሞም ሐዘንተኛዋ ከልክላለች ብለው እቅጩን ተናገሩ። አቶ ላቀው ትንሽ አሰቡና፣ እንግዲያውስ ይህን የሚቆርጡት ልጆቹ ናቸው አሉ። ወንዱ ልጅ ኢያቄም ገና ስድስት ዓመቱ ነው። ስለዚህ የሁሉም ዓይን ምንትዋብ ላይ አረፈ። ወይ ዕዳ!

እናም ይኸው፣ ቁልፉን ይዛ ቆማለች። እትዬ ቡዜ ተከትለዋት መጥተው ክንዷን ያዝ አደረጉ።

«የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ፣ ልጄ» አሏት። «እናትሽ ድንገት ብታየው ምን እንደምትሆን በምን አውቀሽ?»

 እውነታቸውን ነው። ምንትዋብ ቁልፉን ልትመልስ ዞር ስትል፣ የባለሱቁ የጋሽ ሙሄ ልጅ መርዋ አጥሩ ሥር ሆና በእጇ ጠራቻት። መርዋ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ከሞቱ ቀን ጀምሮ ከጎኗ አልተለየችም።

«ምንቴ፣ ፋዘርሽ መዝገብ ቤት ብቻ ነው እንዴ የነበረው?» አለቻት ቀስ ብላ። «ነይ እስቲ በዚህ እይ።»

ምንትዋብ በቆርቆሮው ቀዳዳ አየች። ከአጥሩ ውጪ ብስክሌተኞች ቆመዋል። አንድ ሁለት ብላ ጀምራ መቁጠሩን ተወችው፤ ሰልፉ እስከ ታችኛው ድልድይ ይደርሳል። ከብስራተ ገብርኤል፣ ከሀና ማርያም፣ ከቃሊቲ የመጡ ናቸው። ካናቴራቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያሰሩ ጎረምሶች አሉ፤ ሽበታቸው ጺማቸውን የሞላ አዛውንትም አሉ። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው እንደቆሙ መርዋ ነገረቻት። ብስክሌት ይዞ ለቅሶ ቤት መግባት ነውር መስሏቸው፣ ጥለውት መግባቱም ደምሰውን መካድ ሆኖባቸው ነው።

ደግሞ የሚያወሩት! እሑድ እሑድ ሳይነጋ አስከትሏቸው እስከ ሰበታ ሲወጣ፣ ዳገት ላይ የደከመ ሰው ጥሎ ሄዶ አያውቅም አሉ፤ ተመልሶ ጀርባውን በመዳፉ ይገፋዋል። ውድድር ላይ ግን ማን ደርሶበት! አንዴ አንደኛ ወጥቶ ዋንጫው ሳይሰጠው ሹልክ ብሎ ጠፋባቸው። ልጆቼ ያለ እኔ ቁርስ አይበሉም ብሎ ነው የሄደው። ምንትዋብ አፏን በእጇ ያዘች። እሷ የምታውቀው ላቡ ሳይደርቅ ገበታ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያጎርሳቸውን አባት ነው። ያ ሰውዬ ከየት ከየት እየበረረ ይመጣ እንደነበር አስባው አታውቅም። 

ተመልሳ በሩን ከፈተችው።

አቶ ላቀው ግላሱን ከመቀመጫው ጀምረው እስከ መሪው አለበሱት። ምንትዋብ መሪውን ይዛ ወደ ድንኳኑ ገባች።  ሰዉ ጸጥ ሲል የኋላ ጎማው ጥርርር የሚለው ድምፅ ብቻ ተሰማ። አቶ ላቀው ከጎኗ እየሄዱ፣ በዚያ በደከመ ድምፃቸው ሙሾውን አወረዱት፦

«ፈረሱ መጣ ጌታውን ትቶ፣
ምን ብሎት ይሆን መንገድ ተለይቶ?»

ያኔ አፀደ ከቤት ወጣች። ሴቶቹ ሊይዟት ተነሡ፤ ገፋ ገፋ አድርጋቸው አለፈች። ምንትዋብ ባለችበት ደረቀች። እናቷ ግን አልጮኸችባትም። ግላሱን ገለጥ አድርጋ፣ ከመቀመጫው እስከ መሪው የሚሄደውን ብረት ዳሰሰችው።

«እዚህች ላይ ነው የተቀመጥኩት» አለች። «ግንቦት ሰማንያ ሦስት፣ መንግሥት የተለወጠ ቀን። ታክሲ የለ፣ መኪና የለ፣ ተኩሱ ይንጣጣል፣ እኔን ምጥ ይዞኛል። ትራሴን እዚህች ብረት ላይ አሰረና ዓይንሽን ጨፍኚ አለኝ። የመካኒሳን ዳገት አንዴም ሳይወርድ ወጣው። በአገሩ ላይ እኛ ብቻ ነበርን። ልቡ ጀርባዬ ላይ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።» ዙሪያዋን አየች። «ያንን ልብ ነው ቆመ የምትሉኝ?»

ከዚያ በኋላ አለቀሰች። እንዴት ያለ ለቅሶ! ድንኳኑ አብሯት ተነሣ። ምንትዋብ ወንድሟ ሲወለድ በሰው መኪና ሄድን ተብላ ነው ያደገችው፤ እናቷ ምጥ ይዟት ብስክሌት ላይ ወጣች እንዳይሏት አፍራ ለማንም አልተናገረችም ነበር። አሁን እያለቀሰች፣ እየደጋገመች፣ ለሁሉም ነገረች። እትዬ ቡዜ «ተመስገን፣ ወጣላት» እያሉ እሳቸውም ያለቅሳሉ።

አቶ ማሞ ብድግ ብለው ሄደው የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፈቱ። «ግቡ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ። ብስክሌተኞቹ መሪያቸውን እየያዙ በተራ ገቡና በደምሰው ኮርሳ ዙሪያ መዞር ጀመሩ። የዚያ ሁሉ ጎማ ድምፅ አንድ ላይ ሲሰማ ደንብ ወዳዱ አቶ ማሞ እንኳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

ፀሐይ ዘወር ስትል ለቅሶው በረደ። አፀደ አንድ ሁለት ጉርሻ ቀመሰች። ብስክሌቱን ወደ ሰርቪስ ቤቱ እንመልሰው ሲባል ኢያቄም የእህቱን ቀሚስ ጎተተ።

«ምንቴ፣ ያ ልጅ እኔ ነበርኩ?»

«አንተ ነህ» አለችው።

ኢያቄም ብረቱን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ እሷን አየ። ምንትዋብ ግላሱን አጥፋ ለአጎቷ ሰጠች። ወንድሟን በብብቱ አንሥታ ብረቱ ላይ አስቀመጠችውና መሪውን በሁለት እጁ አስያዘችው።

«ወዴት ነው?» አለች እናቷ፣ ዓይኗ አብጦ።

«ዳገቱን ላሳየው» አለች ምንትዋብ። በአንድ እጇ ወንድሟን ደግፋ፣ ብስክሌቱን ቀስ እያለች ወደ መንገዱ ገፋችው።